«ነዳጅ ሊጠፋ ነው አሉ»

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ነዳጅ ሊጠፋ ነው አሉ፤ ዛሬውኑ ውጣና ቅዳ» አለኝ። ማን አለ? ስለው አንድ የቦቴ ሹፌር ለጓደኛው ነግሮት፣ ጓደኛው የሥራ ቦታ ግሩፕ ላይ ጽፎት፣ እሱም ከዚያ አይቶት። ሰንሰለቱ ይኸው ነው። የመኪናዬ ጌጅ ግማሽ ላይ ነበር። ግማሽ ታንከር ለእኔ አራት ቀን ይበቃኛል፤ ቅዳሜና እሁድ ካልወጣሁ ሳምንትም ይገፋል። ይህን እያወቅኩ ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ።

ማደያው ጋ ስደርስ ወረፋው አስፋልቱን ይዞ፣ መታጠፊያው ላይ ዞሮ፣ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ደርሷል። ሚኒባስ፣ ራይድ፣ ናፍጣ የሚጠብቁ ሁለት ሲኖትራኮች፣ በጎን በኩል ደግሞ ለብቻው የተሰለፈ የባጃጅና የሞተር መንጋ። ከፊቴ የነበረው የሚኒባስ ሹፌር ወርዶ መስኮቴን አንኳኳ።

«ወንድሜ፣ ስንት ቀረህ?»

«ግማሽ።»

ሳቀ። «እኔም ግማሽ አለኝ። ያ ቪትዝ ያለውም ልጅ ግማሽ አለው። ታዲያ ነዳጅ ያለቀበት ማን ነው?»

እዚያ ወረፋ ላይ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። የሹፌሩ ጥያቄ ግን ከወረፋው በኋላም አልለቀቀኝም።

እስቲ በጣት እንቁጠረው። የአንድ ትንሽ መኪና ታንከር 40 ሊትር ይይዛል እንበል። በደህናው ጊዜ አንዱ ዛሬ ይሞላል፣ ሌላው ሊያልቅበት ሲል ነገ ይቀዳል፣ ተደበላልቆ ሲታይ መንገድ ላይ ያለው መኪና በአማካይ ግማሽ ታንከር ይዞ ነው የሚዞረው። አሁን 100 ሺህ መኪና በአንድ ምሽት «ሙላልኝ» ቢል ለእያንዳንዱ 20 ሊትር፣ በጠቅላላው 2 ሚሊዮን ሊትር ይፈለጋል። አንድ ቦቴ ከነተሳቢው 45 ሺህ ሊትር ገደማ ነው የሚጭነው። ስለዚህ ከተለመደው የዕለት ፍጆታ ላይ ከ44 በላይ ቦቴ በአንድ ሌሊት መጨመር አለበት ማለት ነው። ከየት ይመጣል? ደግሞ እኮ ያ ሁሉ ነዳጅ አልተቃጠለም። ከማደያው ጉድጓድ ወጥቶ እኛ ቤት ደጃፍ ቆሞ አደረ እንጂ። በማግስቱ ማደያው «የለም» የሚል ካርቶን ሲሰቅል ትናንት ያልወጣው ሰው «ይኸው፣ እውነት ነበር» ይላል፤ ይሰለፋል። ወሬው ራሱን አስመሰከረ።

ይሄ የእኛ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ያደረጉት ይህንኑ ነው። በከባድ መኪና ሹፌር እጥረት ምክንያት አንድ ትልቅ የነዳጅ ኩባንያ ጥቂት ማደያዎቹን ለጊዜው ሊዘጋ ነው የሚል ዜና አፈትልኮ ወጣ። ሚኒስትሮቹ «ነዳጅ ሞልቷል፣ እባካችሁ እንደወትሮው ቅዱ» ሲሉ ሕዝቡ የሰማው «እባካችሁ» የምትለዋን ብቻ ነው መሰለኝ። በቀናት ውስጥ ከግል ማደያዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደረቁ፣ በመጨረሻ ወታደሮች ቦቴ እንዲነዱ ተደረገ። አገሪቱ ግን ነዳጅ ነበራት። ያጠራት ሹፌር ነው፣ ከሹፌርም በላይ እምነት።

በዚያው ዓመት ግንቦት አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኮሎኒያል ቧንቧ መስመር በኮምፒውተር ጠላፊዎች ምክንያት ለአምስት ቀን ያህል ቆመ። ይህ መስመር ለምሥራቁ ጠረፍ ከሚቀርበው ነዳጅ 45 በመቶ ገደማ የሚሸከም ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ታክሲና ራይድ የሚነዱ ወገኖቻችን ያንን ሳምንት ያስታውሱታል። አንድ የአክስቴ ልጅ ሦስት ከተማ ዞሮ አንድም ማደያ ሳያገኝ መኪናውን አቁሞ እንደተኛ ነግሮኛል። የሸማቾች ዕቃ ደህንነትን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጥቶ «ቤንዚን በፌስታል አትቅዱ» ብሎ ሕዝብን እስከ መምከር ደርሶ ነበር። በፌስታል! ሃይላንድ ይዞ የሚሰለፈውን የእኛን ሰው ስንታዘብ ይህንንም እናስታውስ።

ድንጋጤ ሁልጊዜ ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ለኢትዮጵያዊ የነዳጅ ፍርሃት ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፣ 3 ዶላር አካባቢ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ተጠጋ። እዚህ የቤንዚን ዋጋ 50 በመቶ ተጨመረ። የታክሲ ታሪፉ ግን አልተነካም። በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራኑ በራሳቸው ጥያቄ ወጡ፣ ተማሪው ተቀላቀለ። ንጉሡ በሳምንቱ ዋጋው እንዲቀንስ አዘዙ፤ ግን አልበቃም፣ በዚያው ወር መጨረሻ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። የድርቁና የሠራዊቱ ጥያቄ ባይኖር ቤንዚን ብቻውን ያንን ሁሉ ያመጣ ነበር አልልም። ክብሪቱን የጫረው ግን እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የነዳጅ ዋጋ ሲነካ እጁ ቢንቀጠቀጥ አይገርመኝም።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። ሰው «ነዳጅ ሊጠፋ ነው» ሲል ብዙውን ጊዜ በአእምሮው ያለው የዓለም ዘይት ከመሬት ሥር የሚያልቅበት ቀን ነው። እሱን ፍርሃት ለጊዜው አስቀምጡት። «ዘይት ሊያልቅ ነው» ሲባል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፣ ዓለም ግን ዛሬ በቀን ከ100 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነው የሚጠጣው። የእኛ ችግር በጉድጓዱና በማደያው መካከል ያለው መንገድ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ቀጭን ነው።

የመጀመሪያው ቀጭን ቦታ ባሕር ላይ ነው። ካርታ አውጡና ጣታችሁን ኩዌት ላይ አስቀምጡ። የምንጠቀመው የተጣራ ነዳጅ በብዛት የሚመጣው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። ከዚያ የሚነሳ መርከብ በሆርሙዝ የባሕር ሰርጥ በኩል ይወጣል። ሆርሙዝ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያ በር ሲያልፍ የነበረው በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል ነበር፣ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛ ያህል። ከዚያ የዓረብ ባሕርን አቋርጦ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ይዞ ጅቡቲ ይገባል። አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፦ ጅቡቲ ያለችው የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር ከሆነው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ነው፣ ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ አይጠበቅበትም። ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመቱ «የእኛ ነዳጅ ተዘጋ» ያሉ ነበሩ። አልተዘጋም። የመድን ክፍያውና የመርከብ ኪራዩ ግን ለአካባቢው ሁሉ ነው የሚወደደው። መርከቡን ማንም ሳይተኩስበት እኛ በሊትር እንከፍላለን።

በሰኔ 2017 እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀን ሲዋጉም እንዲሁ ነው የሆነው። ከ70 ዶላር በታች የነበረው ብሬንት (የዓለም ገበያ ዋጋ የሚለካበት ድፍድፍ ዘይት) በበርሜል 80 ነክቶ፣ ተኩስ አቁሙ ሲታወጅ ተመልሶ ከ70 በታች ወረደ። ያን ጊዜ ሆርሙዝ አልተዘጋም። ገበያው የተጫወተው «ቢዘጋስ?» በምትለው ቃል ነው። ከእኔ ሰፈር ወረፋ በምን ይለያል? በክራባቱ ካልሆነ በቀር በምንም።

ሁለተኛው ቀጭን ቦታ ዶላር ነው፣ ከሁሉም የሚከፋውም እሱ ይመስለኛል። ነዳጁን ለአገሪቱ የሚገዛው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው። የሚገዛውም በዶላር፣ ብዙ ጊዜም በዱቤ ነው። እኛ ማደያ ላይ የምንከፍለው ደግሞ ብር ነው። ብሩ ወደ ዶላር ካልተለወጠ የመርከቡ ባለቤት አይሸጥም፣ ዓለም ላይ የፈለገው ያህል ዘይት ይኑር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቤንዚን ዋጋ በ2014 ክረምት መግቢያ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፣ በ2017 የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በዚያ መካከል የዓለም ዋጋ እጥፍ አልሆነም፣ እንዲያውም ከ2014ቱ የዩክሬን ጦርነት ሰሞን ወርዶ ነበር። የጨመረብን የራሳችን ብር ድካምና ቀስ በቀስ የተነሳው ድጎማ ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ድሮ አሰብ ላይ የራሳችን ማጣሪያ ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየቶች እገዛ ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ፣ በዓመቱ ጦርነቱ መጣ፣ ወደቡም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተጣራውን ገዝተን ጅቡቲ ዶራሌ ካለው የነዳጅ ተርሚናል በቦቴ ነው የምንጎትተው። ጋላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፤ ሙቀቱ ጎማ የሚያቀልጥበት፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ። አንድ ድልድይ ቢጎዳ፣ የጸጥታ ችግር ቢነሳ፣ ጅቡቲ ላይ ሲስተም ቢቋረጥ፣ ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ሐዋሳ ያለ ማደያ ካርቶን ይሰቅላል። ሐዋሳ ያለው ሰው ግን ይህን ማን ይነግረዋል? የሚያየው ካርቶኑን ብቻ ነው።

አራተኛው ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ የሚወራለት ግን በደንብ የማይታሰብ ነው። ዋጋ።

ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተደረደሩ ሃይላንዶች ታያላችሁ። ውስጣቸው ያለው ውሃ አይደለም። ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጠጅ ያበራል። አጠገቡ አንድ ጎረምሳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጫት ይቀነጥሳል። «ስንት ነው?» ስትሉት የሚነግራችሁ ዋጋ ማደያው ላይ ከተለጠፈው አንዳንዴ እጥፍ ነው። ማደያው ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ወረድ ብሎ ነው፣ ካርቶኑን ሰቅሏል። እንግዲህ ነዳጁ ከተማው ውስጥ አለ። የተለጠፈው ዋጋ ላይ ግን የለም።

ይህን ስናይ የምንራገመው ቀጂውን ነው። ግን ሒሳቡን እዩት። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሲይዘው አላማው ለሕዝቡ አዝኖ ነው፤ ሆኖም ጎረቤት አገር ያለው ዋጋ ከእኛ ከፍ ሲል ቦቴው ወደ ሞያሌና ወደ ሌሎቹ ጠረፎች ማዘንበል ይጀምራል። ማደያዎቹም የተፈቀደልን የትርፍ ህዳግ ወጪያችንን አይሸፍንም ብለው ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል። በአንድ በኩል ሳንቲም የሚያስገኝ ቀዳዳ፣ በሌላ በኩል በጀሪካን መቶዎች የሚያስገኝ ቀዳዳ። ሰው መልአክ ካልሆነ ወዴት ያዘነብላል? ለዚህ መልስ ተብሎ በ2015 ክፍያው በቴሌብርና በመሰል መንገዶች ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በ2017 ደግሞ እስር ያለበት ጠንካራ አዋጅ ወጣ። ዲጂታሉ ማን ስንት እንደቀዳ ያሳያል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ኔትወርክ የጠፋ ቀን ወረፋው በእጥፍ ይረዝማል። አዋጁም ቢሆን የዋጋው ልዩነት እስካለ ድረስ አደጋውን ያስወድደዋል እንጂ ንግዱን አያጠፋውም። ዋጋው ወደ እውነተኛው ሲጠጋ ግን ኮንትሮባንዱ ይቀዘቅዛል። ችግሩ ያኔ የታክሲ ታሪፍ፣ የሽንኩርትና የጤፍ ዋጋ ተያይዞ መነሳቱ ነው። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ፣ የቱ እንደሚያም ጠይቁኝ ብትሉ ደመወዜ በወር መጨረሻ የሚነግረኝን ነው የምነግራችሁ።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ አለልን» የሚል ወዳጅ አለኝ። እሱ ባለፈው ዓመት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ማደያ ባለፈ ቁጥር እጁን እያወዛወዘ ነው የሚያልፈው። ይገባኛል። ኢትዮጵያ በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ስትከለክል ዓለም ተገርሞ ነበር። ምክንያቱ ግን ከአየር ንብረቱ ይልቅ የዶላሩ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በብር የሚከፈል፣ ሆርሙዝን የማያውቅ ኃይል። በዚህ መንገድ ካየነው ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል።

ግን እጁን የሚያወዛውዘው ወዳጄ የሚረሳው ነገር አለ። ከምናስገባው ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ናፍጣ ነው። ናፍጣውን የሚጠጣው የእሱ ዓይነት መኪና ሳይሆን ሲኖትራኩ፣ ትራክተሩ፣ አውቶቡሱ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር ነው። ቦቴው ራሱ በናፍጣ ነው የሚሄደው። እሱ ጠዋት የሚበላት ዳቦ ስንዴዋ በናፍጣ ታርሳ፣ በናፍጣ ተጭና ነው የመጣችው። ስለዚህ ናፍጣ ሲጠፋ እሱም ወረፋ ላይ ነው፤ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ።

የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝስ? በ1960ዎቹ የተገኘ ጋዝ ነው፣ ስንት መንግሥት «ዘንድሮ» ሲለው ኖሮ መስከረም 22 ቀን 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፣ ጎዴ ላይም ለነዳጅ ማጣሪያ መሠረት ተጣለ። ደስ ይላል። ነገር ግን ከካሉብ የሚወጣው ጋዝ እንጂ ቤንዚን አይደለም፣ የመሠረት ድንጋይ ደግሞ እንደምታውቁት ታንከር አይሞላም። ጊዜ እንስጠው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። ከ1973ቱ ድንጋጤ በኋላ ሀብታሞቹ አገሮች ዓለም አቀፍ የኃይል ኤጀንሲን አቋቋሙ፣ ነዳጅ የሚያስገቡት አባላትም ከውጭ የሚያስገቡትን የ90 ቀን ያህል ክምችት እንዲይዙ ተስማሙ። ዘጠና ቀን ለእኛ ቅንጦት ነው፣ ያን ያህል ነዳጅ ገዝቶ ማስቀመጥ ማለት ያን ያህል ዶላር ዲፖ ውስጥ መቅበር ማለት ነው። ከክምችቱ እኩል የሚሠራ ሌላ ነገር ግን አላቸው። ስንት እንዳለ ይናገራሉ። አሜሪካኖች የንግድና የመጠባበቂያ ክምችታቸውን በየሳምንቱ ያወጡታል፣ ቀነሰ ጨመረ ማንም ያየዋል። እኛ ጋ ዋጋ ሲጨምር መግለጫ አለ። እጥረት ሲነሳ «በቂ ነዳጅ አለ፣ ሕዝቡ ተረጋግቶ...» የሚል መግለጫ አለ። ስንት ሊትር? ለስንት ቀን? ስንት ቦቴ ጋላፊን አለፈ? የት ከተማ መቼ ይደርሳል? ይህ በሌለበት የቦቴ ሹፌሩ ጓደኛ የጻፈው መልእክት ብቸኛው ዜና ነው፣ ወንድሜም እሱን ነው ያመነው። መግለጫው በወጣ ቁጥር ሰው የሚሰለፈው ለምን እንደሆነ አልገባ ያላቸው ባለሥልጣናት ካሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ እጥረት መጣ። በዚህኛው ጊዜ እውነትም ቀይ በርቶብኛል። ማለዳ ላይ ሥራ ቦታዬ አካባቢ ወዳለ ሌላ ማደያ ሄድኩ። ካርቶን ተሰቅሏል፣ ግን «የለም» አይልም። በእስክሪብቶ ደመቅ ተደርጎ «ቤንዚን 1 ቦቴ አዋሽ አልፏል። 8 ሰዓት ይደርሳል» ይላል። ከሥሩ በትንሹ «ናፍጣ አለ» ተጽፏል። ወደ ቀጂዋ ጠጋ ብዬ «እህቴ፣ እውነት ነው?» አልኳት።

«ሹፌሩ ጋ ደውዬ ነው የጻፍኩት። ሰው ሲጠይቀኝ ሲውል ድምፄ ተዘጋ፣ ከዚያ ጻፍኩት» አለችኝ።

ደጃፉ ላይ ሦስት መኪና ብቻ ነበር። የሚመጣው ሰው ቀረብ ብሎ ካርቶኑን ያነባል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይዞራል። እኔም መኪናዬን አቁሜ ቢሮ ገባሁ። በስምንት ሰዓት ስመለስ 8 ቁጥሩ ተሰርዞ 9 ተኩል ሆኗል፣ አጠገቡም «ጎማ ፈንድቶበት ነው» የሚል ተጨምሯል። አሥር ያህል ሰው ጥላ ሥር ቆሞ ስለ ጎማው ያወራል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ቦቴው ታጥፎ ገባ። ሃያ ሊትር ቀዳሁ።